ስለ ኬሚስትሪ ትምህርትና ስለ ቤተ ሙከራው

ከሮቤና ከጎባ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ወደ ጊኒር፥ ከዚያም ለዚያራ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚወርድ መንገደኛ በጉዞው ላይ ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው በሮቤና በሲናና ሜዳ ላይ ዓይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቶ የሚታየው ስንዴና ገብስ ነው። ሁለተኛው የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ተራራ ፈልፍሎ የገባበት የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው፤ ርዝመቱም 15 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ተለክቶ ታውቋል። መንገደኛው የአዝመራውን ማማር አይቶ ገበሬውን ያመሰግናል፤ የዋሻውንም አዳራሽና ዐምድ አይቶ ፈጣሪን ያመሰግናል፤ ሁለቱም ምስጋና የተገባ ነው። ነገር ግን አዝመራውንና ዋሻውን የሚያገናኝ አንድ ዕውቀት መኖሩን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህም ዕውቀት ኬሚስትሪ ይባላል።

የዝናብ ውሃ ከሰማይ ሲወርድና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር እየጠጣ በጥቂቱ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠውም ውሃ የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ እያሟሟ ይወስደዋል። ይህ ሥራ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚታይ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ዘመን ሲሠራ ግን ተራራውን ፈልፍሎ ቤት ያደርገዋል። የሶፍ ዑመር ዋሻ የተከፈተው በዚህ ዓይነት ነው። የፈጣሪ ሥራ በምን መንገድ እንደ ተሠራ ማወቅ ምስጋናን አያጎድልም፤ ይልቁንም ያበዛዋል።

ይኸው ነገር ወደ እርሻ ሲመለስ መድኃኒት ይሆናል። ዝናብ የሚበዛበት ደጋ መሬት ብዙ ዘመን በውሃ ታጥቦ፥ ሳያርፍም ታርሶ ሲከርም አፈሩ ይኮመጥጣል። በኮመጠጠ አፈር ላይ የተዘራ ስንዴና ገብስ ማዳበሪያ ቢደረግለት እንኳ ሥሩ እየተጎዳ ፍሬው ያንሳል። የግብርና ሊቃውንት እንደሚገምቱት በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ የሚበልጠው በልዩ ልዩ መጠን ይህ ጉዳት የደረሰበት ነው። መድኃኒቱም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በዋሻው ውስጥ ኮምጣጣው ውሃ ድንጋዩን እንዳሟሟው፥ በእርሻው ውስጥ ደግሞ ድንጋዩ የአፈሩን መኮምጠጥ ይሽረዋል። ይህን ስንል የከበረው ዋሻ ይነካ ማለታችን አይደለም፤ የኖራ ድንጋይ በአገራችን በብዙ ስፍራ ይገኛል። የምንለው ይህ ነው፦ ለአንድ ሄክታር መሬት ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚገባው የሚታወቀው አፈሩ ሲለካ ነው። ኖራው ቢያንስ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ቢበዛ ደግሞ እንደ ዚንክና እንደ ብረት ያለውን ምግብ ከአዝመራው ይከለክለዋል። ይህንም ለክቶ የሚያውቅ እጁ በሚዛንና በመስታወት ዕቃ ላይ የሠለጠነ ሰው እንጂ ነገሩን በወሬ የሰማ ሰው አይደለም።

እንግዲህ የዛሬው ነገራችን እንዲህ ያለው ሰው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪን ያስተምራሉ፤ የባሌም ሕዝብ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ በሮቤ ከተማ የመደ ወላቡን ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል። ነገር ግን ዛሬ በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ሸክም በመንግሥት ትከሻ ላይ ብቻ ያረፈ አይደለም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብት በሩን ከከፈተለት ወዲህ የግል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በዋናው ከተማና በየአውራጃው ከተማ ተነሥተዋል። ብዙ ሰው በቀን እየሠራ በማታ የሚማርበትን ዕድል ሰጥተዋልና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የሚያስተምሩትን ትምህርት ብንመለከት በብዛት የሒሳብ አያያዝ፥ የሥራ አመራር፥ የኮምፒዩተርና የጤና ትምህርት ሆኖ እናገኘዋለን። ኬሚስትሪን ራሱን አንድ የትምህርት ክፍል አድርጎ የሚያስተምር እጅግ ጥቂት ነው።

የዚህ ምክንያቱ ስውር አይደለም። የሒሳብ አያያዝን ለማስተማር አንድ መምህር፥ አንድ ሰሌዳና አንድ ሰፊ ክፍል ይበቃል፤ መቶ ተማሪ ቢቀመጥም መምህሩን ሁሉም ይሰማዋል። ለኬሚስትሪ ግን ይህ አይበቃም። ንጹሕ ውሃ የማይቋረጥበት ቤት፥ መርዘኛውን ጢስ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ፥ የግራምን ሺኛ እጅ የሚለይ ሚዛን፥ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ንጥረ ነገርም ያስፈልገዋል። የተገዛው ንጥረ ነገር ደግሞ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ለብዙ ዓመት የሚቀመጥ አይደለም፤ ተማሪ በሠራበት ቁጥር ያልቃል። መምህሩም መቶውን ተማሪ በአንድ ጊዜ ሊጠብቅ አይችልም፤ በጥቂት በጥቂቱ ከፍሎ በየእጃቸው ላይ ማየት አለበት። በተማሪ ክፍያ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ወጪ አስቦ ወደ ኋላ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን ወደ ኋላ ማለቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር። የፋርማሲና የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት በግል ኮሌጆች ይሰጣል፤ የሁለቱም መሠረት ኬሚስትሪ ነው። መድኃኒት የሚመዝንና የሕመምተኛ ደም የሚመረምር ሰው ኬሚስትሪን በቃል ብቻ አጥንቶ እንዲወጣ ከተደረገ፥ ጉድለቱ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሳይታይ ቀርቶ በሕመምተኛው ላይ ይታያል።

በ2015 ዓ.ም መንግሥት የመውጫ ፈተና የሚባለውን ሥርዓት በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤቶች ላይ አቆመ። በዚያ በመጀመሪያው ፈተና ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተማሪዎች ተፈትነው 48,632 አለፉ፤ ይኸውም ከመቶ 62 ያህል ነው። ከግል ተቋማት ግን 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 17 ያህል ነው። ከዚህ ቍጥር ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ በግል ትምህርት ቤት የሚማረው ወጣት በቍጥር ከመንግሥቱ የማያንስ ያህል ስለ ሆነ የእርሱ መጉደል የአገር መጉደል ነው። ሁለተኛ፥ ፈተናው ያለ አድልዎ ሁሉን በአንድ ሚዛን በማስቀመጡ ብዙ የተሸፈነ ነገር ገልጧል። ሆኖም ይህ ፈተና ተማሪው ከተሰጡት መልሶች አንዱን እንዲመርጥ የሚያደርግ እንጂ እጁን የሚፈትን አይደለም። በኬሚስትሪ ከመቶ ሰማንያ ያገኘ ተማሪ አንድ ጊዜ እንኳ ሚዛን ሳይነካ ሊያገኘው ይቻለዋል።

ካህናትና መምህራን ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ጸናጽልና መቋሚያ ሳይዝ አቋቋምን በጽሕፈት ብቻ ያጠናውን ሰው መሪጌታ የሚለው ማን ነው? ቁም ጸሐፊ ለመሆን የሚወድስ ልጅ ብርዕ ሳይቀርጽና ቀለም ሳይበጠብጥ ብራና ይሰጠዋልን? አባቶቻችን ጥላሸቱንና ሙጫውን እየለኩ፥ ለብዙ ወራት እየወቀጡና እያሹ የሠሩት ጥቁር ቀለም ይህን ያህል መቶ ዓመት በብራና ላይ ሳይደበዝዝ ኖሯል። ስሙን ኬሚስትሪ አላሉትም እንጂ ሥራው ኬሚስትሪ ነው። ጠጅ የምትጥል ባልቴትም ማሩን፥ ውሃውንና ጌሾውን በልክ የምታደርገው ከእናቷ እጅ አይታ እንጂ ከወሬ ሰምታ አይደለም።

የአባቶች ብልሃትና የቤተ ሙከራ ምርመራ ሲገናኙ ምን እንደሚገኝ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ይመሰክራል። በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ በአድዋ ሳሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ቀንድ አውጣውም ሲሞት ብዙ ሰው አይቶት ይሆናል። ነገሩ ወደ ዕውቀት የተለወጠው ግን ፍሬው በቤተ ሙከራ ተፈጭቶ፥ ተመዝኖና ተለክቶ፥ ምን ያህሉ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በታወቀ ጊዜ ነው። ስለዚህም ሥራ ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 በአውሮፓ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ። ዓይን ያየውን እጅ ካልለካው ዕውቀቱ ከወንዝ ዳር አያልፍም።

እንዲህ ያለ ሰው ማጣት ምን እንደሚያስከትል ለማሰብ ከባሌ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም በነሐሴ ወር በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ወደ ሶማሌ ክልል ጭምር ተዛምቶ ብዙ ሰው ጎድቷል። ኮሌራ የሚገባው በውሃ ነው፤ ውሃውን የሚያነጻውም ክሎሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚያዝዘው ክሎሪን ከገባ ከ30 ደቂቃ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሚሊግራም ያላነሰ ተርፎ መገኘት አለበት፤ ይህም ልክ ውሃው እንደ ድፍርስነቱና እንደ መኮምጠጡ ልክ ይለዋወጣል። ድሬ ሼክ ሁሴን በየዓመቱ በበዓላቱ ጊዜ ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት፥ ውሃ በማይበዛበት ቆላ ያለ ስፍራ ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚቀዳውን ውሃ ለክቶ ይጠጣ ወይም አይጠጣ ብሎ የሚፈርድ ሰው ያስፈልጋል። የሚፈርደው ሰው ከፈተና ወረቀት በቀር ሌላ ያልነካ እንደ ሆነ የሕዝቡ ሕይወት በግምት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን ባለሀብት ትርፍ ፈላጊ ስለ ሆነ ኬሚስትሪን ከእርሱ አትጠብቁ ይላሉ። ይህ አነጋገር ከሌላው ዓለም ታሪክ ጋር አይስማማም። በዴንማርክ አገር ያኮብሰን የተባለ የቢራ ጠማቂ በ1875 በአውሮፓ አቆጣጠር ከፋብሪካው አጠገብ የካርልስበርግን ቤተ ሙከራ አቆመ፤ በዚያ የተገኘውም ዕውቀት ለሁሉ እንዲገለጥ እንጂ እንዳይሰወር ደነገገ። በ1883 ኬልዳል የተባለ ሊቅ በእህል ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለክቶ የፕሮቲኑን ልክ የሚያሳውቅ ዘዴ በዚያ አገኘ፤ በ1909 ሶረንሰን የተባለው ደግሞ የመኮምጠጥን ልክ የሚናገረውን ፒ.ኤች. የተባለ መለኪያ በዚያው ቤት አወጣ። ዛሬ የባሌ ገብስ ለብቅል የሚበቃ መሆኑ የሚመረመረው በፕሮቲኑ ልክ ነው፤ የአፈራችንም መኮምጠጥ የሚነገረው በፒ.ኤች. ነው። አንድ የግል ባለሀብት ያቆመው ቤት ለሩቁ ለእኛ እርሻ መለኪያ ሰጠ ማለት ነው። በቤይሩትም በ1866 የተመሠረተው፥ ዛሬ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የግል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪን ገና ከጥዋቱ ያስተምር ነበር፤ መምህሩ ዶክተር ቫን ዳይክም የኬሚስትሪን መጽሐፍ በዐረብኛ አዘጋጁ። እንግዲህ የግል መሆን ለኬሚስትሪ እንቅፋት አይደለም፤ እንቅፋቱ ቤተ ሙከራውን እንደ ኪሳራ መቍጠር ነው።

ሌሎች ደግሞ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሥራ አያገኝም፥ ስለዚህ ወላጅ ገንዘቡን በከንቱ አይክፈል ይላሉ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ምሩቅ እንዳለ አንክድም። ነገር ግን ከባሌ ደጋ ሥር የሚወርደው የዋቤ ሸበሌ ወንዝ በሚያልፍበት በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት የኢትዮጵያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ድርጅት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም ውል ተፈራርሟል። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያወጣ የታሰበ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከምድር የሚወጣውን የተፈጥሮ ጋዝ በመጠቀም ከአየር ናይትሮጅን አሞንያን በመሥራት፥ አሞንያውንም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በማገናኘት ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ፋብሪካው በተከፈተ ጊዜ በየሰዓቱ ናሙና እየወሰደ የሚመረምር ኢትዮጵያዊ ካልተዘጋጀ ሥራው ለባዕድ ይቀራል፤ የእኛም ልጅ በር ጠባቂ ይሆናል። ኬሚስት በአንድ ዓመት የሚበቅል አይደለምና መዝራት የሚገባው ዛሬ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለየአንዳንዱ የግል ኮሌጅ ሙሉ ቤተ ሙከራ አቁም ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትንሹ ኮሌጅ አይችለውም፤ ያልቻለውም ሁለት ጠርሙስና አንድ ሚዛን በመስኮት ዳር አስቀምጦ ለመርማሪ ያሳያል። የሚሻለው መካፈል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ አንድ ኮሌጅ የማይችለውን ቤተ ሙከራ ብዙዎች ሲከፍሉለት ይቻላል። በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቹ በማይሠሩበት ሰዓት፥ በማታና በቅዳሜ፥ በክረምቱም ዕረፍት፥ የቤተ ሙከራውን በር በተወሰነ ክፍያ ለግል ኮሌጅ ተማሪዎች ቢከፍት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የግሉ ኮሌጅ ብቻውን ሊያወጣው የማይችለውን ወጪ በትንሽ ገንዘብ ያገኛል፤ ዩኒቨርሲቲውም ከክፍያው የሚያልቀውን ንጥረ ነገር ይተካል፥ የተሰበረውን መሣሪያ ያስጠግናል።

የመንግሥቱ ቤተ ሙከራ ለራሱስ መቼ በቃ የሚል ቢኖር፥ መልሳችን ይህ ነው፦ ቤተ ሙከራ የሚጎዳው በመሠራቱ ሳይሆን ተዘግቶ በመቀመጡ ነው። ሳይከፈት የከረመ ንጥረ ነገር ጊዜው ያልፍበታል፤ ሳይነካ የቆየ መሣሪያ ይዝጋል። በየወሩ ክፍያ የሚገባለት ቤት ግን ጠባቂና ጠጋኝ አያጣም። ይህም ከተሳካ በሲናና ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና በጎባ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል ተማሪዎችን በተራ ተቀብለው አፈርና እህል፥ ደምና ውሃ እንዲመረምሩ ቢያደርጓቸው ትምህርቱ ከአገሩ ችግር ጋር ይገናኛል።

ለዚህ ሥራ ሦስት ነገር ከሹማምንት ይጠበቃል። መጀመሪያ፥ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለኬሚስትሪና በኬሚስትሪ ላይ ለቆመ ማናቸውም ትምህርት ፈቃድ ሲሰጥ፥ ተማሪው በቤተ ሙከራ የሚቆይበት ሰዓት ተቈጥሮ፥ በራሱ ቤት ወይም በተጻፈ ውል በሌላ ቤት መሥራቱ ተረጋግጦ ይሁን። ሁለተኛ፥ የመውጫ ፈተናው ለእነዚህ ትምህርቶች የእጅ ፈተና ይጨመርበት፤ አንድ ተማሪ የማይታወቅ ፈሳሽ ተሰጥቶት ምን እንደ ሆነና ስንት እንደ ሆነ መርምሮ ይናገር። ሦስተኛ፥ ኬሚስትሪን ለማስተማር የቆረጠ የግል ዩኒቨርሲቲ ሲገኝ መንግሥት የአንዳንድ ድኻ ተማሪዎችን ክፍያ በመሸፈን ይርዳው፤ ስንዴ እንዳይነቅዝ ጎተራ የሚሠራ መንግሥት የሚመረምረውን ሰው ለማሳደግ ቢያወጣ ገንዘቡ አልባከነም።

ከካህናት፥ ከሼኮችና ከአገር ሽማግሌዎችም የሚጠበቅ አለ። ወላጅ ልጁን የት ላስገባው ብሎ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እነርሱን ነው። በተጠየቁ ጊዜ የክፍያውን ማነስና የምስክር ወረቀቱን ቶሎ መድረስ ብቻ አይመልከቱ፤ ልጁ በዚያ ቤት በእጁ ምን እየሠራ ይማራል ብለው ይጠይቁ። ወላጅ ሁሉ ይህን መጠየቅ ከጀመረ ኮሌጁ ያለ ትእዛዝ ይሠራዋል፤ ነጋዴ ከገዢ ዓይን ይበልጥ የሚፈራው የለምና።

የባሌ ምድር ስንዴና ገብስ፥ የኖራ ድንጋይና ልዩ ልዩ ዕፅዋት ከፈጣሪ ተሰጥቶታል። ይህን የሚመረምር ልጅም አልተነፈገውም። በሮቤ የግል ኮሌጅ የሚማር የገበሬ ልጅ ከአባቱ ማሳ አንድ ዕፍኝ አፈር ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ገብቶ፥ ለክቶና አውቆ፥ አባቴ ሆይ ለዚህ መሬት ይህን ያህል ኖራ ይበቃዋል ሊለው የሚችልበትን ቀን ማቅረብ በእኛ እጅ ነው። ቤቱ በሮቤ አለ፤ መምህሩ አለ፤ ተማሪውም ክፍያውን ይዞ ቆሟል። የቀረው ቁልፉን የያዘው ሹም በሩን መክፈቱ ነው።